ሰገነት ከውስጥ የቆመችባቸው እሑዶች

ቅዳሴው ገና አላለቀም ነበር። እማማ አሰጋሽ ከተቀመጡባት ጠፍጣፋ ድንጋይ ብድግ አሉና የሰገነትን ክንድ ያዝ አድርገው፣ «አረፍ በይ ልጄ፤ ብዙ መቆም ለአንች አይሆንም» አሏት።

ሰገነት ግራ ገባት። እማማ አሰጋሽ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ በምርኩዝ የሚሄዱ የሰፈሯ አሮጊት ናቸው። እሷ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ስትረግጥ የምትውል፣ ገና ሠላሳ ያልሞላት ሴት ናት።

«ኧረ እማማ፣ እርስዎ ይቀመጡ እንጂ!»

«እኔማ ድሮ ተቀምጫለሁ። ተቀመጭ ስልሽ።»

ከጎናቸው የቆሙት ሴቶች በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈን አደረጉ። አንዷ ወደ ሌላዋ ዘንበል ብላ የሆነ ነገር አንሾካሾከች። ከዚያ ሁለቱም እኩል የሰገነትን ሆድ አዩ።

ያን ዕለት ቅዳሴው እንዴት እንዳለቀ ሰገነት አታውቅም።

ሰገነት የሞጣ ልጅ ናት። ስፌት የተማረችውም እዚያው ነው። ወደ ቢቸና የመጣችው በወረዳው መሬት አስተዳደር ቢሮ የሚሠራውን ባምላኩን አግብታ ነው። ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ አንድ በር ሱቅ ተከራይታ የተማሪ ዩኒፎርም፣ የሚዜ ቀሚስ፣ የእህል ነጋዴ ሚስቶች ለበዓል የሚያዙትን ልብስ ትሰፋለች። እጇ ፈጣን ነው፤ አፏ ግን ቁጥብ ነው። ደንበኞቿ የሚወዷትም ለዚሁ ነው፤ የነገሯት ሁሉ እዚያው ሱቋ ውስጥ ይቀራል።

ልጅ አትፈልግም። ለዚህ የሚነገር ትልቅ ምክንያት የላትም። ሰው ሲጠይቃት አንድ ቀን «ሱቁ ይደራጅ ብዬ ነው» ትላለች፤ ሌላ ቀን «እግዜር ሲፈቅድ» ትላለች፤ ሁለቱም እውነት አይደሉም። ታናናሾቿን ያሳደገችው እሷ ስለሆነች ሰልችቷት ይሆናል የሚሉ አሉ። አልሰለቻትም። እንዲያውም እነሱን አዝላ መዞር ደስ ይላት ነበር። ብቻ የራሷን ልጅ ስታስብ በውስጧ የሚነቃ ነገር የለም። ይህን ለባምላኩ ከመጋባታቸው በፊት ነግራዋለች። እሱም ብዙ ዝም ብሎ ቆይቶ፣ «እኔ የምፈልገው አንችን ነው» ብሏታል። መልሱን ታምነዋለች፤ ከመልሱ በፊት የነበረውን ዝምታ ግን እስካሁን አልረሳችውም።

ከሠርጉ በፊት እዚያው ሞጣ ሳለች ክንድ ላይ የሚቀበረውን የእርግዝና መከላከያ አስገባች። ከግራ ክንዷ ቆዳ ሥር የክብሪት እንጨት የምታህል ቀጭን ነገር አለች፤ በጣቷ ስትነካት ሸርተት ትላለች። ከባሏ በቀር ይህን የሚያውቅ የለም። ጊዜ ሲያልፍ የወር አበባዋ እየሳሳ ሄዶ ጭራሽ ቀረ። መድኃኒቱን ያስገባችላት ባለሙያ እንዲህ ሊሆን እንደሚችል ነግራት ስለነበር አልደነገጠችም። ተመቻት እንጂ።

አሁን የከዳት ያ ምቾት ነው። ሌላዋ ሴት ብትጠራጠር ወሩ ሲደርስ መልሷን ታገኛለች። ሰገነት የምትጠብቀው ምልክት አልነበራትም። በሆዷ ውስጥ የሆነ ነገር ተጀምሮ ቢሆን በምን ታውቃለች? ሴቶቹስ እሷ ያላየችውን ምን አይተው ነው?

ከዚያ እሑድ ወዲህ ጠዋት ስትነሣ መጀመሪያ የምታደርገው ክንዷን መዳሰስ ሆነ። አለች። ግን መኖሯ ብቻ ምን ዋስትና ነው? ጊዜዋ አልፎ ቢሆንስ? ከመነሻው ባዶዋን ቢያስገቡልኝስ? ሽሮ ሲሸታት፣ ሽሮው ነው ወይስ እኔ ነኝ ትላለች። ቀትር ላይ እንቅልፍ እንቅልፍ ካላት ትደነግጣለች። ሱቁ ሰው ሳይኖረው መጋረጃውን ትጋርድና ሜትሩን በወገቧ ትጠመጥማለች። ያ ሜትር በሌላ ሴት ወገብ ላይ ዋሽቶ አያውቅም። በራሷ ላይ ግን አንዴ ታጠብቀዋለች፣ አንዴ ታላላዋለች፤ የትኛው ትክክል እንደሆነ ይጠፋባታል።

በዚህ መሀል ምስራቅ የምትባል ደንበኛዋ ቀሚስ ልትለካ መጣች። ምስራቅ ዝም ብላ መለካት የማትችል ሴት ናት።

«የግንደወይኗን ሰማሽ?»

«የቷን?» አለች ሰገነት፣ ስፒል በከንፈሯ ይዛ።

«ሆዴን ቆረጠኝ ብላ ጤና ጣቢያ ሄዳ ወንድ ልጅ ታቅፋ ተመለሰች እኮ! አላወቀችም። እስከ መጨረሻው ቀን ገበያ ስትወጣ፣ ማዳበሪያ ስትሸከም ነበር አሉ።»

«እንዴት አታውቅም?»

«ቀደም ብላ በሽንት ተመርምራ የለም ብለዋት ነበር አሉ። አንዳንዱ ልጅ ተንኮለኛ ነው፤ ከጀርባ ተለጥፎ ያድጋል። እጅሽን ምን ነካው? ወጋሽኝ!»

«ይቅርታ» አለች ሰገነት። ከንፈሯ ላይ የቀሩትን ስፒሎች ልትውጣቸው ምንም አልቀራት።

ምስራቅ ከወጣች በኋላ ነገሩን ገለባበጠችው። ለምን ለእኔ ነገረችኝ? እንዲሁ ወሬ ነው ወይስ ፊቴን ልታይ ነው?

በዚያው ሳምንት የባሏ እናት፣ እትዬ ፀሐይነሽ፣ ጨርቅ ይዘው ሱቋ መጡ። ጥሩ ጨርቅ ነበር።

«ለራስሽ ስፊው። ለማርያም የምትለብሽው ይሁን።»

«እትዬ፣ ምን አስቸገርዎት?»

«ወገቡን ለቀቅ አድርጊው።»

«ለምን?»

«ለቀቅ ያለ ያምራል።»

እትዬ ፀሐይነሽ ከዚያ በፊት ስለ ልብስ ልክ አንድ ቃል ተናግረው አያውቁም። ይህን ሲናገሩም ጨርቁን አላዩም። የሰገነትን ፊት ነበር የሚያዩት፤ ደጃፍ ላይ ቆሞ እስኪከፈትለት እንደሚጠብቅ ሰው። ሰገነት አመስግና ጨርቁን አጣጠፈችው። ውላ ስታድር ግን ምስጋናዋ ወደ ፍርሃት ተለወጠ። ምን ሰምተዋል? ከማን? ስለ ክንዷ የሚያውቀው ባምላኩ ብቻ ነው። ወይ መድኃኒቱ ከሽፏል፣ ወይ ባሏ ያወራው ነገር አለ።

ከባምላኩ ጋር ነገሩን ያነሡት በውኃ ሰበብ ነው። አንድ ማለዳ ከግቢው ቧንቧ የሞላ ጀሪካን ልታነሣ ስትል ከቤት ሮጦ ወጥቶ ቀማት።

«ከመቼ ወዲህ ነው?» አለችው።

«ምኑ?»

«ውኃ መሸከም።»

«ሚስቴን ባግዝ ምን አለበት?»

«ባምላኩ።»

ጀሪካኑን አስቀመጠው። «እናቴ ናት። ከባድ እንዳታስነሣት አለችኝ።»

«ለምን ብለህ አልጠየቅሃትም?»

«ጠየቅኋት። ዝም ብለህ ተሸከም አለችኝ።»

ሰገነት ልትሥቅ ፈልጋ ሣቁ አልመጣ አላት። «ቢቸና ሙሉ አርግዣለሁ ይላል። ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።»

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» አለ ሊቀልድ። ወዲያው ግን ድምፁ ዝቅ አለ። «ሊሆን ይችላል እንዴ? ያ ክንድሽ ላይ ያለው እያለ?»

ስለዚያች ጥያቄ ቀኑን ሙሉ አሰበች። ቃላቱ የተጨነቀ ሰው ቃላት ነበሩ። ድምፁ ግን ጫፉ ላይ ከፍ ብሎ ነበር። ያ ከፍታ ፍርሃት ነው ወይስ ተስፋ? አብራው የኖረችውን ሰው ድምፅ እንደ ባዕድ ድምፅ ደጋግማ አዳመጠችው፤ መለየት አልቻለችም። ይህ ከእርግዝናው ባልተናነሰ አስፈራት። እውነት አርግዛ ከሆነ፣ በቤቷ ውስጥ ብቻዋን የምታዝን እሷ ልትሆን ነው።

ቢቸና ውስጥ መመርመር አይታሰብም። መድኃኒት ቤቷን የያዘችው ሴት ደንበኛዋ ናት፤ ጤና ጣቢያው ወረፋ ላይ ሁልጊዜ አንድ የሚያውቃት አለ። መንገዱ ሰላም ነው የተባለበትን ቀን ጠብቃ፣ «ክርና ገበር ልገዛ ሞጣ ደርሼ ልምጣ» አለች። እህቷ ቤት አድራ ልትመለስ ነው። ባምላኩ «አብሬሽ ልሂድ?» አላት። «ለክር?» አለችው። ሁለቱም ስለ ክር እያወሩ እንዳልሆነ ያውቃሉ።

ሚኒባሱ ግንደወይን ላይ ሰው ሊያወርድ ሲቆም በመስኮት ሴቶቹን አየች። ሕፃን ያዘሉትን ሁሉ እያየች፣ ይችኛዋ ትሆን እያለች ጠረጠረች። የትኛዋም ተአምር ያየች አትመስልም። ሁሉም ሽንኩርት እየመረጡ ነበር።

ሞጣ እንደደረሰች ከአንድ መድኃኒት ቤት የሽንት መመርመሪያ ገዝታ እህቷ ቤት ሞከረችው። አንድ መስመር ብቻ ታየ፤ የለም ማለት ነው። መስመሩን እያዘነበለች፣ ወደ ብርሃን እያወጣች አየችው። የግንደወይኗ ሴትም የለም ተብላ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ሄደች።

አልትራሳውንድ የምታነሣው ባለሙያ ከወሎ የመጣች፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ያሰረች ወጣት ሴት ነበረች። ሰገነት የክንዷን መድኃኒት መቼ እንዳስገባችና ከጀርባ ተለጥፎ አደገ ስለተባለው ልጅ ነገረቻት። ባለሙያዋ ቀዝቃዛውን ቅባት ሆዷ ላይ ከማድረጓ በፊት ቀና ብላ አየቻት።

«ምን እንዲሆንልሽ ነው የምትፈልጊው?»

ይህን ሰገነትን የጠየቃት ሰው አልነበረም።

«ባዶ» አለች።

ባለሙያዋን አልገረማትም። መሣሪያውን ወዲያና ወዲህ አንሸራተተችው፤ ጊዜ ወስዳ ፈተሸች። «ባዶ ነው» አለች። «ከጀርባም፣ ከጎንም፣ የትም የለም። አበባሽን ያስቀረው ክንድሽ ላይ ያለው መድኃኒት ነው። ጊዜውም ገና ነው።»

ሰገነት ዓይኗን ጨፈነች። እንባዋ ወደ ጆሮዋ ወረደ። ባለሙያዋ ሶፍት ሰጠቻት።

«ማነው አርግዘሻል ያለሽ?»

«የቤተ ክርስቲያን ሴቶች።»

«በምን አወቁ?»

«እኔም እሱን ነው የማላውቀው።»

ባለሙያዋ ጥቂት አሰበች። «እናንተ ጋ አበባ ላይ ያለች ሴት ቤተ ክርስቲያን ትገባለች?»

«አትገባም። ከደጀ ሰላሙ ውጭ ትቆማለች።»

«አንችስ ውጭ የቆምሽው መቼ ነው?»

ሰገነትን ከቅጥሩ ውጭ ያለው ጽድ ታወሳት። ድሮ ከእነዚያው ሴቶች ጋር ተራ በተራ ከሥሩ ይቆሙ ነበር። እዚያ የቆመች ሴት ማን አብራት እንደቆመች፣ ማን እንደቀረች ሳታስበው ታውቃለች። ሰገነት ከጽዱ ሥር ከጠፋች ስንት እሑድ ሆነ? እሷ አልቆጠረችም። እነሱ ግን ቆጥረዋል።

ባለሙያዋ መሣቅ ጀምራ ነበር። «ስሚኝማ፤ እኔም እንዳንች የክንዱን ይዤ ረመዳንን አንድ ቀን ሳላጓድል ጾምሁት። እኛ ጋ አበባ ላይ ያለች አትጾምም። አማቴ ወሩን ሙሉ ስትጠብቀኝ ከርማ፣ የልጅ ልጅ መጣልኝ ብላ ለዒድ በግ ልታሳርድ ነበር! በጉን ያተረፍሁት እኔ ነኝ።»

ሰገነት ቅባቱ ሳይጠረግላት ሆዷን ይዛ ሣቀች።

ሣቁ መናኸሪያ እስክትደርስ ቆየ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ስትጠብቅ ግን ሌላ ሐሳብ መጣና ከጎኗ ተቀመጠ። አርግዛ ስላልሆነ፣ ቀጥሎ ምን ሊሏት ነው? ውጭ አትቆምም፤ እርጉዝም አይደለችም። እንግዲያ ደሟ ላይ ሆና ቅጥሩን ስትረግጥ ኖራለች ማለት ነው። ይህ የከፋ ነው። ለእርጉዝ ድንጋይ ይለቀቅላታል፤ ቅጥሩን ለደፈረች ግን ሰው ሸሽቶ መንገድ ይለቅላታል።

ቢቸና ስትደርስ ወደ ቤቷ አልሄደችም። እትዬ ፀሐይነሽ በግቢያቸው ጥላ ሥር ሰፌድ ይዘው ምስር ይለቅሙ ነበር።

«እትዬ፣ ሞጣ የሄድሁት ለክር አይደለም።»

«አውቃለሁ። ክር ቢቸናም አለ።»

«ታይቼ ነው የመጣሁት። አላረገዝሁም።»

እጃቸው ምስሩ ላይ ቆመ። «የለም?»

«የለም።»

ሰገነት እንባ ጠብቃ ነበር። የመጣው ግን ሌላ ነው። የአማቷ ፊት ጠቆረ። «እንግዲያማ ገብተሻል» አሉ ቀስ ብለው። «እሑድ በእሑድ፣ ደምሽ ላይ ሆነሽ ገብተሻል።»

«እትዬ…»

«ቆይ ልናገር! አሰጋሽ መጥታ ምራትሽን ውጭ አናያትም፣ ነገሩ ምንድን ነው ስትለኝ ምን ልበላት? ወይ አርግዛለች፣ ወይ ደፍራለች፤ ሦስተኛ የለውም። አርግዛለች አልኋት። አፌን ሞልቼ አልኋት። ከዚያ ወዲህ ሆድሽን ሳይ ነው የምውለው፤ ያልሁት እውነት ይሆንልኝ እንደሆነ ብዬ።»

ሰገነት ይህን ሁሉ ጊዜ ያሳደዳት ወሬ ከየት እንደተነሣ ያኔ ገባት። መቆጣት ነበረባት። ግን አሮጊቷ በስሟ ላይ ሊወድቅ የነበረውን የከፋ ነገር በውሸት ጋርደው እንደኖሩ አየች።

«ሦስተኛ አለ» አለች። እጅጌዋን ሰበሰበችና የአማቷን ጣት ይዛ ክንዷ ላይ አሳረፈችው።

እትዬ ፀሐይነሽ ጣታቸውን አልነጠቁም። ቆዳውን ጫን አደረጉት፤ ሸርተት ሲል ደነገጡ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ልጅ እንዳይመጣ የሚከለክል ነው። አበባዬን ያስቀረው እሱ ነው። ደሜ ላይ ሆኜ አንድም ቀን አልገባሁም፣ እትዬ።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«ከሠርጉ በፊት።»

«ባምላኩስ?»

«ያውቃል።»

«እሱም!» አሉ። ልጃቸው እንደ መታቸው ያህል ነበር አባባላቸው። «መቼ ነው የሚወጣው?»

«ጊዜው ሲያልቅ ይወጣል። ከዚያ ሌላ ይገባል።»

«ከዚያስ?»

ሰገነት እጅጌዋን ወደ ታች መለሰች። እትዬ ፀሐይነሽ ሰፌዱን ወደ ጉልበታቸው ሳቡት። «በይ ሂጂ» አሉ። «ክፉ ቃል ሳይወጣኝ ሂጂ።»

ቤት ስትገባ ባምላኩ በር ላይ ነበር። «ባዶ ነው» አለችውና ፊቱን አየችው። በረዥሙ ተነፈሰ።

«ተስፋ አድርገህ ነበር?»

ሊክድ አፉን ከፈተ፤ ተወው። «አንድ ቀን ያህል» አለ። «ከዚያ ፊትሽን አየሁትና ተውሁት።»

ማመን ፈለገች። አብዛኛውን አመነችው።

እሑድ ደረሰ። ደጀ ሰላሙ ጋ ስትደርስ ቆም አለች። ጽዱ እዚያው ነው፤ ከሥሩ ጥቂት ሴቶች ቆመዋል። ዛሬ ከእነሱ ጋር ብትቆም ወሬው ሁሉ በአንድ ጊዜ ያበቃል። እርግዝናውም ይቀራል፣ ሌላውም ጥርጣሬ ይቀራል። የሚጠይቃት አይኖርም። ቀላል ነበር። ግን በእግዚአብሔር ደጃፍ ላይ ቆሞ መዋሸት ነው። አንድ እግሯን ወደ ጽዱ አነሣች፤ መለሰችው።

ከኋላዋ እትዬ ፀሐይነሽ መጡ። ጽዱን አዩት፤ እሷን አዩዋት።

«ንጹሕ ነሽ?» አሉ።

«ነኝ።»

«እንግዲያ ምን ያስቆምሻል? ግቢ።»

ገቡ። ቅዳሴው እስኪያልቅ ጎን ለጎን ቆሙ። ሰው መውጣት ሲጀምር እማማ አሰጋሽ ሴቶቹን አስከትለው ደረሱባቸው።

«እንዴት ነሽ የኔ ልጅ? እህሉ ይስማማሻል?»

ሰገነት አንገቷን ደፋች። እትዬ ፀሐይነሽ ከወሬያቸው ምን ያህሉን እንደሚያፈርሱት አታውቅም። ወርዶባታል ሊሉ ይችላሉ። ታማለች ሊሉ ይችላሉ። ከሐሰት ወደ ሐሰት መሻገሪያው ብዙ ነው።

«እርጉዝ አይደለችም» አሉ እትዬ ፀሐይነሽ። «እኔ ነኝ የተሳሳትሁ።»

የእማማ አሰጋሽ ዓይን ከሰገነት ሆድ ተነሥቶ ወደ እግሯ፣ ከእግሯ ወደ ረገጠችው መሬት ወረደ። «አይደለችም? ታዲያ እንዴት ሆና ነው ሁልጊዜ…»

«መድኃኒት ይዛ ነዋ! የዛሬ ልጆች መድኃኒት አበባ ያስቀራል። አላወቅሁም ነበር፤ አሁን አወቅሁ። አንችም ካላወቅሽ ያንችዋን ጠይቂያት። እሷንስ ከጽዱ ሥር ካየናት አልከራረመም?»

የእማማ አሰጋሽ ልጅ ማናለሽ፣ ካገባች ዓመት ያልሞላት፣ ከሴቶቹ ኋላ ቆማ ነበር። ማንም ሳይናገራት ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ግራ ክንዷን ሸፈነች።

ሰገነት አየቻት። እናቷም አዩዋት።